መዋጮ ለሁለት ዋናተኞች

ጊዜው መስከረም 1993 ዓ.ም.፣ የሲድኒ ኦሎምፒክ ሰሞን ነው። በግቢያችን ውስጥ ደህና ቴሌቪዥን የነበራቸው አንዲት እማማ ብቻ ስለነበሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እሳቸው ሳሎን ይሰበሰባል፤ ቦታ ያጣው በረንዳ ላይ ቆሞ አንገቱን ያሰግጋል። እኛ ልጆች ከትልልቆቹ እግር ሥር፣ ወለሉ ላይ ነበር መቀመጫችን። የምንጠብቀው ደራርቱን ነው፤ ጌጤን ነው፤ ኃይሌን ነው። ሩጫው እስኪደርስ ግን ቴሌቪዥኑ ያገኘውን ያሳያል፤ አንድ ቀንም ሰማያዊ ውሃ አሳየን። ከውሃው ዳር ስምንት ሴቶች ተደርድረው ቆመዋል። እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉና «ልጆች፣ ውጡ!» አሉ። ቀጥሎ ትንሽ አሰብ አድርገው «ወንዶቹ ውጡ፤ ሴቶቹ ይቀመጡ» ብለው ትእዛዙን አሻሻሉት።

ወንዶቹ ወጡ፤ ወጥተውም በመስኮት አዩ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና በሴትነቴ መብት ተቀምጬ ተመለከትኩ። ውድድሩ አልቆ አንደኛዋ ልጅ ገመዱን እንደያዘች ስታለቅስ፣ ቅድም ዓይናቸውን በነጠላ ጥለት የጋረዱት እማማ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው «ለመሆኑ ይቺን ልጅ እዚህ ድረስ ማን ላካት?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። ወዲያው ሌላ ስፖርት መጣ፤ ወንዶቹም ተመልሰው ገቡ።

የእማማን ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ካደግሁ በኋላ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ ሳነብ ነው። የሚገርመው ደግሞ መልሱ የተገኘው እዚያው ሲድኒ ከተማ መሆኑ ነው። ያ ውድድር ከመካሄዱ 88 ዓመት በፊት፣ «ወንዶች ውጡ» የሚለው የእማማ ትእዛዝ በሲድኒ በወረቀት የሰፈረ ደንብ ነበር። ያን ደንብ ያስነሳውም፣ ሁለት ልጃገረዶችን ባሕር አሻግሮ ለኦሎምፒክ የላከውም መንግሥት አልነበረም፤ ተመልካቹ ሕዝብ ነበር።

ሲድኒ የባሕር ዳር ከተማ ናት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ነዋሪዎቿ የሚዋኙት በአመዛኙ ከባሕሩ ዳር አለቱን ተገን አድርገው በተሠሩ የመዋኛ ገንዳዎች ነበር። ማዕበሉ እየተሻገረ ይሞላቸዋል፤ ቅጥሩም ዋናተኛውን ከሻርክ ይጠብቀዋል። ሳራ ፍራንሲስ ዱራክ የምትባል፣ ወላጆቿ ከአየርላንድ ዘር የሆኑ ልጅ ዋና የተማረችው ኩጂ በተባለው ሰፈር ከሚገኘው እንዲህ ካለ ገንዳ ነው። ሁሉም «ፋኒ» ነው የሚላት። የተወለደችው በ1889 ሲሆን፣ ለሴት ተማሪዎች ውድድር የሚዘጋጅበት የአዋዋን ዓይነት የደረት ቀዘፋ ብቻ ስለነበረ የጀመረችው በዚያ ነው። በ1906 የመጀመሪያ ሻምፒዮናዋን አሸነፈች፤ ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የሚቀድማት ጠፋ።

የቀደመቻት በመጨረሻ ተገኘች። ሚና ዋይሊ ትባላለች። አባቷ ሄንሪ ዋይሊ በ1907 እዚያው ኩጂ ውስጥ የራሱን ገንዳ ሠርቶ ነበርና ልጅቷ ያደገችው ውሃ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1910 እና 1911 የዋና ወቅት በአውስትራሊያ ሻምፒዮና ላይ በደረት ቀዘፋም በነጻ ቀዘፋም ፋኒን ቀደመቻት። እንግዲህ በእኛ ሰፈር ልማድ ሁለቱ ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ መነፋፈግ ነበረባቸው። እነሱ ግን ጓደኛሞች ሆኑ። ፋኒም የድሮ አዋዋኗን ጥላ ክሮል የተባለውን አዲስና ፈጣን ስልት ያዘች።

በዚህ መካከል የ1912ቱ የስቶክሆልም ኦሎምፒክ (በእኛ አቆጣጠር 1904 ዓ.ም.) ደረሰ። ሴቶች በዋና እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ፈቃዱ ከሁሉም ወገን የተወደደ አልነበረም። ዘመናዊውን ኦሎምፒክ የመሠረቱት ፈረንሳዊው ባሮን ፒየር ደ ኩበርተን ራሳቸው ሴቶች በኦሎምፒክ እንዲወዳደሩ አይፈልጉም ነበር። በአሜሪካ የአማተር ስፖርቱን ማኅበር በእጁ የያዘው ጄምስ ሰሊቫንም የሴቶችን ውድድር አጥብቆ ይቃወም ስለነበር ያቺ ትልቅ አገር አንዲት ሴት ዋናተኛ እንኳ አልላከችም። በአውስትራሊያ የነበሩት ሹማምንት ደግሞ ሴት መላክ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው አሉ። ይህ ለእኛ አዲስ ቋንቋ አይደለም፤ የትኛውም ቢሮ ውስጥ ይሰማል።

ከገንዘቡ ይልቅ አስቸጋሪ የሆነው ግን ደንቡ ነበር። የኒው ሳውዝ ዌልስ የሴቶች አማተር ዋና ማኅበር፣ ማለትም የሴቶቹ የራሳቸው ማኅበር፣ አባላቱ ወንዶች ባሉበት እንዳይወዳደሩ ይከለክል ነበር። ስቶክሆልም ደግሞ ወንድ የሌለበት ቦታ አልነበረም። ደንቡን በፊደሉ ካየነው አባትም ወንድ ነው፤ ወንድምም ወንድ ነው፤ ለልጁ ገንዳ የሠራው ሄንሪ ዋይሊም ወንድ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት አንዲት ዘመን ያለፈባቸው፣ ሥልጣኔ የሚያስበረግጋቸው ሴት ናቸው ብሎ ይገምት ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር የመሰለኝ። ነገሩ ሌላ ነው። ፕሬዚዳንቷ ሮዝ ስኮት ይባላሉ። በ1891 ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገለውን ማኅበር ካቋቋሙት ሰዎች አንዷ ሲሆኑ፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ ሴቶች በ1902 ድምፅ የመስጠት መብት ሲያገኙ ከድሉ ባለቤቶች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠሩ ናቸው። የሱቅ ሠራተኛ ልጃገረዶች እስከ እኩለ ሌሊት ቆመው እንዳይሠሩ ሱቅ በጊዜ እንዲዘጋ የተሟገቱ፣ ወንድ ሴት ልጅን በመድፈር የሚጠየቅበት የዕድሜ ገደብ ወደ 16 ዓመት ከፍ እንዲል ለብዙ ዓመታት ታግለው በ1910 ያስፈጸሙ ሴት ናቸው። እኚህ ናቸው እንግዲህ ሴት ልጅ ወንድ እያያት አትዋኝ ያሉት።

ስለ ሮዝ ስኮት ያነበብኳቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ ይህን እንደ አስቂኝ ቅራኔ አንስተው ያልፉታል። ለእኔ ግን ያን ያህል አያስቅም። ሴትዮዋ በዕድሜያቸው ስንት የተደፈረች ልጅ ታሪክ ሰምተዋል? ወንድ ሴትን ሲያይ ምን እንደሚያይ ከማንም ይልቅ እሳቸው ያውቁ ነበር። ተመልካቹ ለዋናው ሳይሆን ለገላው ነው የሚመጣው ብለው ፈሩ።

ለምን እንደሚገባኝ ልናገር። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ዋና ለመማር አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ገንዳ ሄድን። የመግቢያውን ገንዘብ ያጠራቀምነው ከታክሲ ሒሳባችን ነበር። ልብስ ቀይረን ስንወጣ ከገንዳው ዳር ወንበር ላይ የተቀመጡ ጎልማሶች ቢራቸውን አስቀምጠው ዞሩ። ከመቀየሪያው ክፍል እስከ ውሃው አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመብኝ መንገድ የለም። ከመካከላቸው አንዱ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። ሠራተኛው ሰማ፤ ሳቀም። ውሃው ውስጥ ገብተን እስከ አንገታችን ድረስ ተዘፍቀን ቆምን፤ መዋኘት ሳይሆን መደበቅ ነበር። ተመልሰን አልሄድንም። እስከ ዛሬ ዋና አልችልም። ያን ጊዜ አንዲት ሮዝ ስኮት መጥተው «ወንዶች ውጡ» ቢሉልኝ ኖሮ ምናልባት እችል ነበር።

ግን ደግሞ የሮዝ ስኮት ደንብ ለሦስት ዓመት እንኳ ቢቆይ ፋኒ ዱራክ ስቶክሆልምን አታያትም ነበር። የወንዱ ዓይን ጥፋት ነው ተብሎ ከቤት የምትቀረው ሴቷ ሆና ተገኘች። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ላስታርቃቸው ብሞክርም አልተሳካልኝም።

የሲድኒ ሕዝብ ግን በዚህ ፍልስፍና አልተጨነቀም። ፋኒንና ሚናን ያውቃቸዋል፤ የዓለም ፈጣኖች መሆናቸውንም ገምቷል፤ ስለዚህ ይሂዱ አለ። ጫጫታው ከጋዜጣ ዓምድ እስከ ስብሰባ አዳራሽ ደረሰ። የሴቶቹ ማኅበር ጉዳዩን ለድምፅ አቀረበ፤ ደንቡም ተሻረ። ሮዝ ስኮት አቋማቸውን ሳይለውጡ ከፕሬዚዳንትነታቸው ለቀቁ። የስፖርት ሹማምንቱም ከብዙ ንትርክ በኋላ «ይሂዱ፤ ግን በራሳቸው ወጪ» አሉ።

በራሳቸው ወጪ! ከሲድኒ ስቶክሆልም ማለት ከዓለም ጫፍ እስከ ጫፍ ነው፤ የሳምንታት የመርከብ ጉዞ። በዚያ ላይ ልጃገረድ ብቻዋን አትሄድምና አብሮ የሚጓዝ ጠባቂም ያስፈልጋል፤ የጠባቂው ትኬትም ገንዘብ ነው። በዚህ ጊዜ ነው የታወቀው የቦክስና የቲያትር ነጋዴ የሂው ማኪንቶሽ ባለቤት መዋጮ የጀመሩት። ሰዉ አዋጣ፤ ገንዘቡም ሞላ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ፋኒ እህቷን ሜሪን፣ ሚና አባቷን አስከትለው መርከብ ተሳፈሩ። እማማ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ጥያቄያቸውን በዚህ እመልስላቸው ነበር፤ እሳቸው የእድር ሰው ስለነበሩ ወዲያው ይገባቸው ነበር።

የስቶክሆልም የዋና ውድድር የተካሄደው ዛሬ እንደምናውቀው ባለ በተሠራ ገንዳ አልነበረም። ዩርጎርደን ከተባለው ደሴት አጠገብ ባለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ መቶ ሜትር ተለክቶ፣ ዳርና ዳሩ ላይ መድረክና የተመልካች መቀመጫ ተሠርቶለት ነበር። የዋናተኛው መሥመር በገመድ አልተለየም፤ ውሃውም የባሕር ውሃ ነው። በዚያ ኦሎምፒክ ከ2,300 በላይ ስፖርተኞች ሲሰለፉ ሴቶቹ 50 እንኳ አልሞሉም፤ የተፈቀደላቸውም ዋና፣ ከከፍታ ወደ ውሃ መወርወርና ሜዳ ቴኒስ ብቻ ነበር። ለሴቶች 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ከስምንት አገሮች 27 ዋናተኞች ቀረቡ።

ከሁሉ ይበልጥ የተፈራችው እንግሊዛዊቷ ዴዚ ከርወን ነበረች፤ የዓለም ክብረ ወሰን የእሷ ነው። ፋኒ ግን ገና በማጣሪያው 1 ደቂቃ ከ19.8 ሰከንድ ገብታ ክብረ ወሰኑን ወሰደችባት። ከርወን ግማሽ ፍጻሜውን አልፋ ሳለ ትርፍ አንጀቷ ታመመና ለቀዶ ሕክምና ሐኪም ቤት ገባች። (ይህን ትርፍ አንጀት አንባቢ ያስታውስልኝ፤ እመለስበታለሁ።) በፍጻሜው ፋኒ ዱራክ በ1 ደቂቃ ከ22.2 ሰከንድ አንደኛ ወጣች። ሚና ዋይሊ በ1 ደቂቃ ከ25.4 ሁለተኛ፣ የእንግሊዟ ጄኒ ፍሌቸር በ1 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ሦስተኛ ሆኑ። በኦሎምፒክ የመጀመሪያዋ የሴቶች ዋና ባለ ወርቅና የመጀመሪያዋ ባለ ብር፣ ከአንድ ሰፈር ውሃ የወጡ ጓደኛሞች ናቸው ማለት ነው። ሹማምንቱ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ያሉት ይህንን ነበር።

ሦስተኛ የወጣችውን ጄኒ ፍሌቸርንም እንዲሁ ላልፋት አልፈልግም። የሌስተር ከተማ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርታ በተረፋት ጊዜ ነው የምትለማመደው። እሷ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር የ4 በ100 ሜትር የቅብብል ዋናውን በ5 ደቂቃ ከ52.8 ሰከንድ አሸንፋ ወርቅ አገኘች። ለዚህ ውድድር የቀረቡት አገሮች አራት ብቻ ነበሩ። ፋኒና ሚና አራት ሰው የለንም፣ ግን ሁለታችን እጥፍ እንዋኝ ብለው ጠየቁ፤ አይሆንም ተባሉ። እኔ ብሆን እፈቅድላቸው ነበር፤ ደግሞም የሚያሸንፉ ይመስለኛል።

ከዚያ ቅብብል የተረፈ አንድ ታዋቂ ፎቶግራፍ አለ። አራቱ እንግሊዛውያን የዋና ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። አብራቸው ጠባቂያቸው ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ባርኔጣ ደፍታ ትታያለች። እኔ ይህን ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር እማማንና ነጠላቸውን አስታውሳለሁ።

አስተናጋጇ ስዊድን ከዋናው ባይቀናትም ከከፍታ ወደ ውሃ በመወርወር ግሬታ ዮሐንሰን ወርቅ አግኝታ አገሬውን አስፈነጠዘች። የወርቅ ሜዳሊያዎቹን ለአሸናፊዎች የሚሰጡት ደግሞ ንጉሥ ጉስታፍ 5ኛ ነበሩ። ከወንድ ዓይን ይራቁ ለተባሉ ሴቶች የተዘጋጀው ሽልማት ከንጉሥ እጅ መሆኑ ነው።

ከወንዶቹ ዋና አንድ ነገር ሳላነሳ ብቀር ቅር ይለኛል። የ100 ሜትር ፍጻሜ ሊደረግ ሲል የሃዋዩ ዱክ ካሃናሞኩን ጨምሮ አሜሪካውያኑ በሰዓት መዛባት ምክንያት ግማሽ ፍጻሜያቸው አመለጣቸውና ከውድድሩ ሊወጡ ሆነ። እነሱ ባይኖሩ ወርቁን ሊወስድ የሚችለው የሲድኒው ሴሲል ሂሊ ነበር። ሂሊ ግን እነሱ ካልተወዳደሩ አይሆንም ብሎ ተሟገተ። ሌላ ማጣሪያ ተደረገላቸው። ካሃናሞኩ በ1 ደቂቃ ከ3.4 ሰከንድ አሸነፈ፤ ሂሊ ሁለተኛ ወጣ። ይኸው ሰው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1918 ነሐሴ ወር፣ ፈረንሳይ ውስጥ በጦር ግንባር ተገደለ።

ሲድኒ ውስጥ ሆኖ መዋጮ የከፈለው ሰው ይህን ሁሉ አላየም። ሬዲዮ የለም፤ ቴሌቪዥን የለም። በባሕር ሥር በተዘረጋ ሽቦ የመጣች አጭር ቴሌግራም ጋዜጣ ላይ ታትማ ትነበባለች፤ ስም፣ ተራ ቁጥር፣ ሰዓት። በቃ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ ያየሁትን እንባ እነሱ በሙሉ ዕድሜያቸው አላዩም። ለማያዩት ውድድር ከኪሳቸው አወጡ፤ ሮዝ ስኮት የፈሩት ተመልካችና ይህ ተመልካች አንድ ሰው ናቸው ወይ? አንዳንዱ ምናልባት ነበር።

ፋኒ ከዚያ በኋላ እስከ 1918 ባሉት ዓመታት አሥራ ሁለት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰብራለች። ነገር ግን የ1916ቱ ኦሎምፒክ በጦርነቱ ምክንያት ቀረ። በአሜሪካ ሰሊቫን በ1914 ከሞተ በኋላ ማኅበሩ ሴት ዋናተኞችን መመዝገብ ጀመረ፤ ፋኒና ሚናም ወደዚያ ተጉዘው ነበር፤ ግን ከአማተርነት ደንብ ጋር በተያያዘ ከሹማምንቱ ጋር ተጋጭተው ጉዟቸው ሳይሰምር ቀረ። በ1920 ለአንትወርፕ ኦሎምፒክ ቡድኑ ሊነሳ አንድ ሳምንት ሲቀረው የፋኒ ትርፍ አንጀት ታመመ። ቀዶ ሕክምናው ሳያንስ ታይፎይድና የሳንባ ምች ተከተሉባት። እንግዲህ ከስምንት ዓመት በፊት ተፎካካሪዋን ያስቀረባት በሽታ ተራውን እሷን አስቀራት። በአንትወርፕ የ100 ሜትሩን ወርቅ የወሰደችው ኢተልዳ ብላይብትሬ የተባለች አሜሪካዊት ናት፤ ከዓመት በፊት ኒው ዮርክ ውስጥ የእግር ሹራቧን አውልቃ በመዋኘቷ በፖሊስ የተያዘች።

በ1921 ፋኒ ውድድር አቆመች፤ አንድ የፈረስ አሠልጣኝም አገባች። ቀሪ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ትንንሽ ልጆችን ዋና በማስተማር ነው። ያ ወንድ ባለበት አትዋኙ ይል የነበረው የሴቶች ማኅበር በ1945 የዕድሜ ልክ አባል አደረጋት። የሞተችው መጋቢት 1956 ነው፤ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ሊከፈት ስምንት ወር ሲቀረው። በዚያ ኦሎምፒክ ሌላዋ የሲድኒ ልጅ ዶውን ፍሬዘር 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ዋኝታ ወርቅ ወሰደች። ኢትዮጵያም ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሰለፈችው እዚያው ሜልቦርን ነበር፤ አሥራ ሁለት ስፖርተኞች፣ ሁሉም ወንዶች።

ሚና ዋይሊ እስከ 1984 ኖራለች። አባቷ የሠራው ገንዳ ኩጂ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ፤ ሰው ይዋኝበታል፤ የእሷም ሐውልት ቆሞበታል። ከሰው ያየሁት ፎቶግራፍ ነው፤ ውሃው አረንጓዴ ነው፤ አለቱ ላይ ወንድም ሴትም ተደባልቀው ፀሐይ ይሞቃሉ። ለዚያች የድሮ ጓደኛዬ አሳየኋት። እሷ አሁን ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። ፎቶግራፉን አየት አደረገችና «ስንት ነው መግቢያው?» አለችኝ።